በኢትዮጵያ ተራሮች የኖረው ተክል ሰብሳቢና የበረዶ ዘመን ጥያቄ

ደሴ፦ በጦሳ ተራራ ግርጌ ለሚኖረው የከተማ ነዋሪም ሆነ በጉጉፍቱ ደጋ ገብስ ለሚዘራው አርሶ አደር፣ በረዶ ማለት በክረምት ከደመና ወርዶ ያሸተ አዝመራ የሚያጠፋ የአንድ ሰዓት መዓት ነው። ተመራማሪዎች የበረዶ ዘመን ሲሉ ግን የሚናገሩት ስለ ሌላ ነገር ነው። እርሱም በክረምት ወድቆ በበጋ ሳይቀልጥ፣ ለብዙ ሺህ ዓመታት እየተደራረበ አገር የሚያህል ምድር የሚሸፍን ግግር በረዶ ነው።

ይህን ስም በጀርመንኛ ያወጣው ካርል ፍሪድሪክ ሽምፐር የተባለ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ቪልሄልም ሽምፐር ደግሞ ከዕድሜው የሚበልጠውን ክፍል በኢትዮጵያ ያሳለፈ፣ ሰሜን ተራሮችን የወጣ፣ ትግራይ ውስጥ ወረዳ ያስተዳደረ፣ በመጨረሻም የአፄ ቴዎድሮስን ፍጻሜ በመቅደላ ያየ ሰው ነው። በኢትዮጵያ ተክሎች ላይ የሚሠራ ማንኛውም ምሁር ስሙን ሳያነሣ አያልፍም።

ዛሬ የምድር ሙቀት እየጨመረ ባለበት ዘመን፣ ሙቀቱ ራሱ ተገላብጦ አዲስ የበረዶ ዘመን ያስነሣ ይሆን ወይ የሚለው ጥያቄ በብዙዎች አንደበት ይሰማል። የሽምፐር ሕይወት ለዚህ ጥያቄ ከሩቅ አገር ሳይሆን ከዚሁ ከኢትዮጵያ አፈር የተነሣ መልስ ይዟል።

ከወታደርነት ወደ ተክል ለቀማ

ቪልሄልም ሽምፐር በደቡብ ጀርመን እ.ኤ.አ በ1804 ተወለደ። በወጣትነቱ በባደን ግዛት ጦር ውስጥ አገለገለ። ከዚያም የወታደር ልብሱን አውልቆ በሙኒክ ወደሚኖረው ወደ ታላቅ ወንድሙ ሄደና የተፈጥሮ ሳይንስን ትምህርት ጀመረ። ካርል በዚያ ጊዜ ቅጠሎች በግንድ ላይ የሚደረደሩበትን ሥርዓት የሚያጠና፣ አእምሮው ፈጣን፣ ጽሑፉ ግን ጥቂት የሆነ ሰው ነበር። ከጓደኞቹም አንዱ በኋላ በዓለም ስሙ የገነነው የስዊዘርላንዱ ሉዊ አጋሲ ነበር።

በዚያን ዘመን በኤስሊንገን ከተማ ስቶይደልና ሆኽሽቴተር በተባሉ ሁለት ምሁራን የሚመራ አንድ ማኅበር ነበር። የማኅበሩ አሠራር እንደ ዕቁብ ያለ ነው። አባላቱ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ማኅበሩም በዚያ ገንዘብ ተክል ሰብሳቢዎችን ወደ ሩቅ አገር ይልካል፤ የደረቀው ተክል ሲመጣም ለአባላቱ ይከፋፈላል። ቪልሄልም ለዚህ ማኅበር በመጀመሪያ ወደ አልጄሪያ፣ ቀጥሎም ወደ ግብፅ፣ ወደ ሲና በረሃና ወደ ዐረብ አገር ተጓዘ። ከዐረብ አገርም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በምፅዋ በኩል እ.ኤ.አ በ1837 መጀመሪያ ላይ አድዋ ገባ።

በዚያው ዓመት በየካቲት ወር፣ ወንድሙ ካርል በስዊዘርላንድ ኑሻቴል ከተማ አንድ ግጥም አሳትሞ በተነ። የበረዶ ዘመን የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በዚያ ግጥም ላይ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላም አጋሲ በዚያው ከተማ ምሁራን በተሰበሰቡበት ተነሥቶ፣ አውሮፓ በአንድ ወቅት በግግር በረዶ ተሸፍና እንደነበር ተናገረ። ጉባኤው በነገሩ ደነገጠ፤ ብዙዎችም አልተቀበሉትም። አጋሲ ከሦስት ዓመት በኋላ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሞ ዝናው ሲወጣ፣ ቃሉን ያወጣው ካርል ግን ተገቢውን ምስጋና አላገኘም። ወዳጅነታቸውም በዚሁ ፈረሰ።

አንደኛው ወንድም ምድር ቀዝቅዛ እንደነበር ከአውሮፓ ድንጋዮች ሲያነብ፣ ሌላኛው በሐሩር ክልል መካከል ወዳለች ተራራማ አገር ገብቶ ነበር።

ከሶሎዳ እስከ ቧሂት

ሽምፐር በአድዋ ሥራውን የጀመረው ከከተማዋ በላይ በቆመው በሶሎዳ ተራራ ነው። የተክል ለቀማ ሥራ ሲነገር ቀላል ቢመስልም ትዕግሥትን የሚፈትን ነው። ተክሉ ከነአበባው፣ ቢቻልም ከነፍሬውና ከነሥሩ ይነቀላል። በወረቀት መካከል ተዘርግቶ በክብደት ይጫናል። ወረቀቱ እርጥበት በጠጣ ቁጥር ይለወጣል፤ አለዚያ ቅጠሉ ይሻግታል። በደረቀ ጊዜ ቁጥር ይሰጠውና የበቀለበት ቦታ፣ ከፍታውና ቀኑ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፍለታል። ከአንድ ዓይነት ተክል ደግሞ አንድ ብቻ ሳይሆን ብዙ ናሙና መወሰድ ነበረበት፤ ለእያንዳንዱ የማኅበሩ አባል ድርሻ ይደርሰዋልና። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጭነቱ በበቅሎ ወደ ምፅዋ ወርዶ፣ በመርከብ ባሕር ይሻገራል።

ቀጥሎም ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ተራሮች ወጣ። እንጨትቃብና የቧሂት ተራራ በሽምፐር ቁራጭ ወረቀቶች ላይ ተደጋግመው የሚገኙ ስሞች ናቸው። ከቆላው ግራር አንሥቶ በወይና ደጋው ወይራና ዋንዛ አልፎ፣ ከኮሶና ከአስታ በላይ ጓሳና ጅብራ ብቻ እስከሚቀሩበት ውርጫማ ከፍታ ድረስ ያገኘውን ሁሉ በየደረጃው ሰበሰበ። በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ብቻ የሚበቅለው ረጅሙ ጅብራ ሳይንሳዊ ስያሜውን ያገኘው ከሽምፐር በደረሱት ናሙናዎች ላይ ተመሥርቶ፣ በኤስሊንገኑ ሆኽሽቴተር አማካይነት ነው። በቀስት መርዝነቱ የታወቀውን ቁጥቋጦ ጨምሮ ብዙ ተክሎች ደግሞ እስከ ዛሬ በሳይንሳዊ ስማቸው ሽምፐሪ ወይም ሽምፐሪያና እየተባሉ የሰብሳቢውን ስም ይሸከማሉ።

ሽምፐር ጅብራ በለቀመባቸው በእነዚሁ ከፍታዎች ላይ የወንድሙ የበረዶ ዘመን አሻራ ተጋድሞ ነበር። በቧሂትና በራስ ደጀን አካባቢ ግግር በረዶ ገፍቶ የከመራቸው የድንጋይና የአፈር ክምሮች ይገኛሉ። ይህ በዝርዝር የተጠናው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ከሃያ ሺህ ዓመታት በፊት ገደማ በነበረው የቅዝቃዜ ዘመን፣ የሰሜን ተራሮች ጫፍ፣ የአርሲና የባሌ ከፍተኛ ቦታዎች በግግር በረዶ ተሸፍነው ነበር። በባሌ የነበረው በረዶ ከሰሜኑ እጅግ የሰፋ እንደነበር ጥናቶች ያሳያሉ። ዛሬ ግን በኢትዮጵያ ምንም ግግር በረዶ የለም።

የእንትጮው ሹም

እ.ኤ.አ በ1842 የኤስሊንገኑ ማኅበር ፈረሰ። ሽምፐር ከአገሩ እጅግ ርቆ ያለ ደመወዝ ቀረ። ወደ አውሮፓ መመለስ ግን አልመረጠም። የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ወደዱት፤ ከአድዋ በስተ ምሥራቅ የምትገኘውን የእንትጮን አውራጃም እንዲያስተዳድር ሾሙት። ሽምፐርም ኢትዮጵያዊት አግብቶ ልጆች ወለደ፤ እርሻና ከብት ያለው፣ ግብር የሚሰበስብና ፍርድ የሚሰጥ የአገር ሰው ሆነ። በ1840ዎቹና በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ ለፓሪስ የተፈጥሮ ሙዚየም ተክል መላኩንም ቀጠለ።

እንትጮ በኋለኞቹ የሥነ ምድር ተመራማሪዎች ዘንድ ልዩ ስም አላት። እ.ኤ.አ በ1971 የወጣ ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ እጅግ ጥንታዊ የግግር በረዶ ድንጋዮች መገኘታቸውን ለዓለም አስታወቀ። ከእነርሱም አንዱ የእንትጮ አሸዋ ድንጋይ፣ ሌላው የዕዳጋ ዓርቢ ግግር በረዶ ድንጋይ ይባላሉ። የመጀመሪያው ከ440 ሚሊዮን ዓመታት በላይ፣ ሁለተኛው 300 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ያስቆጠሩ ናቸው። በዚያ እጅግ ሩቅ ዘመን አህጉራት ዛሬ ባሉበት ቦታ አልነበሩም። የአፍሪካ ምድር ወደ ደቡብ ዋልታ ቀርቦ ስለነበር፣ ዛሬ ጤፍ የሚዘራበት የትግራይ መሬት በግግር በረዶ ይታረስ ነበር።

ስለዚህ የበረዶ ዘመንን ስም ያወጣው ሰው ወንድም፣ ለአሥር ዓመታት ያህል ዳኝነት ሲሰጥበትና ግብር ሲሰበስብበት የኖረው መሬት፣ ራሱ ከበረዶ ዘመን የተረፈ መሬት ነበር።

መቅደላ

በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ጦርነት በካሣ ኃይሉ ተሸነፉ። ካሣም በዚያው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የውቤ ሹም የነበረው ሽምፐር ግዛቱን አጣ። በኋላም ወደ ንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ ወደ ደብረ ታቦር አካባቢ ሄደ። በዚያም ተክል መሰብሰቡን አልተወም። እ.ኤ.አ በ1860ዎቹ መጀመሪያ የሰበሰባቸው ናሙናዎች የጃን ሜዳን፣ የጋፋትንና የደብረ ታቦርን ስም ይዘው በአውሮፓ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ።

ጋፋት አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ተጣልተው አውሮፓውያንን ባሰሩ ጊዜ፣ በግዛታቸው የነበረ የውጭ አገር ሰው ሁሉ ዕጣው ከእርሳቸው ጋር ተሳሰረ። እ.ኤ.አ ከ1867 መጨረሻ ጀምሮ ሠራዊቱ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ እየጎተተ፣ መንገድ እየጠረገ፣ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆዎች አቋርጦ ወደ መቅደላ ተጓዘ። በዚያው ወራት፣ በታኅሣሥ 21 ቀን 1867 እ.ኤ.አ፣ ወንድሙ ካርል በጀርመን ሽቬትሲንገን ከተማ በድህነት ዐረፈ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ራሳቸውን ሠዉ። ስልሳ ሦስት ዓመት የሞላው ሽምፐር በዚያ ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱ ነበር። ከተለቀቁት መካከል አብዛኞቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ሄዱ። ሽምፐር ግን ወደ አድዋ ተመለሰ። በዚያም እ.ኤ.አ በ1878 በሰባ አራት ዓመቱ አረፈ። በኢትዮጵያ አርባ አንድ ዓመት ኖሯል።

ከመቅደላው ዘመቻ ጋር የመጡ የእንግሊዝ መሐንዲሶች ከዙላ ባሕር ዳርቻ እስከ መቅደላ ድረስ ፎቶግራፍ አንሥተው ነበር። ከ140 ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች በእነዚያው ቦታዎች ቆመው፣ ያንኑ ተራራና ያንኑ ሸለቆ እንደገና ፎቶ አነሡ። ውጤቱ ብዙዎችን አስገረመ። ሽምፐር በኖረበት ዘመን የሰሜኑ ምድር በአብዛኛው ዛሬ እንደሚታሰበው በደን የተሸፈነ አልነበረም፤ በብዙ ቦታዎች ዛሬ ያለው ዛፍና ቁጥቋጦ ከያኔው ይበልጣል። ለዚህም ባሕር ዛፍ፣ እርከንና የተከለሉ ተፋሰሶች ድርሻ አላቸው። አገር የሚለመልመውም የሚራቆተውም በሰው እጅ እንደሆነ ፎቶግራፎቹ ይመሰክራሉ።

ሙቀት ቅዝቃዜን ይወልዳልን?

ካርል ሽምፐር የበረዶ ዘመንን ስም አወጣ እንጂ ለምን እንደመጣ አላወቀም። ምክንያቱን ሌሎች አገኙት። የስኮትላንዱ ጄምስ ክሮልና የሰርቢያው ሚሉቲን ሚላንኮቪች፣ ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድና የምታዘነብልበት አኳኋን በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ እንደሚለዋወጥ አሰሉ። በሰሜኑ የዓለም ክፍል በጋው ሲቀዘቅዝ፣ የክረምቱ በረዶ ሳይቀልጥ ይከርማል። ነጭ በረዶም የፀሐይን ብርሃን ወደ ሰማይ ስለሚመልስ ቅዝቃዜው ራሱን እያባሰ ይሄዳል።

ሁለተኛው ምክንያት አየሩ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ምድርን እንደ ጋቢ ይሸፍናታል። በበረዶው ዘመን ጋቢው ስስ ነበር፤ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ የዚህ ጋዝ ድርሻ 190 ያህል ብቻ ነበር። ሽምፐር አድዋ በገባበት ዓመት 285 ገደማ ደርሶ ነበር። ዛሬ ከ420 በላይ ነው። ይህን ያበዛው በዋናነት የድንጋይ ከሰል፣ የነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ ቃጠሎ ነው። ከዚህም አብዛኛው የተለቀቀው ከበለጸጉት አገሮች ነው።

ታዲያ ሙቀት ቅዝቃዜን ያመጣል የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ? መነሻው የአትላንቲክ ውቅያኖስ ነው። ከምድር ወገብ አካባቢ የሞቀ ጨዋማ ውሃ እንደ ትልቅ ወንዝ ወደ ሰሜን ይፈስሳል። እዚያም ሙቀቱን ለአየሩ ሰጥቶ ይቀዘቅዛል፤ ጨዋማና ቀዝቃዛ ውሃ ከባድ ስለሆነም ወደ ጥልቁ ይሰምጣል፤ በታች በኩል ወደ ደቡብ ይመለሳል። የግሪንላንድ በረዶ በሙቀት ሲቀልጥ ግን ጨው የሌለው ቀላል ውሃ በላዩ ይንሳፈፋል። ውሃው መስመጥ ያቅተዋል፤ ፍሰቱም ይዳከማል። ያን ጊዜ ሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ሙቀት የምታገኝበት ምንጭ ይቀንሳል።

የመንግሥታቱ ድርጅት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ እ.ኤ.አ በ2021 ባወጣው ዘገባ፣ ይህ የውቅያኖስ ፍሰት በዚህ መቶ ዓመት ውስጥ የመዳከሙ ዕድል እጅግ ከፍተኛ እንደሆነ፣ ከ2100 በፊት ግን በድንገት ይቆማል ተብሎ እንደማይጠበቅ አመልክቷል። ፍሰቱ ቢቆም እንኳን የሚቀዘቅዘው በአብዛኛው የሰሜን አትላንቲክ አካባቢ ነው እንጂ መላው ዓለም አይደለም። የበረዶ ዘመን እንዲነሣ በጋው ቀዝቅዞ በረዶው ለሺህ ዓመታት መከመር አለበት። በአየሩ ውስጥ ይህን ያህል ጋዝ ባለበት ጊዜ ይህ ሊሆን አይችልም። የሰው ልጅ ጋዝ ባይለቅ ኖሮ እንኳን ቀጣዩ የበረዶ ዘመን የሚጠበቀው ከ50 ሺህ ዓመታት ገደማ በኋላ እንደነበር ስሌቶች ያሳያሉ። አሁን ባለው አካሄድ ደግሞ ከዚያ እጅግ ይዘገያል።

በጥቅምትና በኅዳር ደጋው ላይ የሚወርደው ውርጭ፣ አንዳንድ ዓመት ቢከፋም፣ የበረዶ ዘመን ምልክት አይደለም። ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲረዝም መሬት የቀን ሙቀቷን የምታጣበት የቆየ የደጋ ጠባይ ነው። የአንድ ሌሊት ውርጭና የሠላሳ ዓመት የሙቀት ጭማሪ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ለወሎ የሚያሰጋው በረዶው አይደለም

ነገር ግን ከሰሜን አትላንቲክ መቀዝቀዝ ለኢትዮጵያ አርሶ አደር የሚያሳስብ ነገር የለም ማለት አይደለም። የክረምት ዝናብ የሚመጣው የምድር ወገብን ተከትሎ የሚዘረጋው የዝናብ ቀበቶ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ወደ ሰሜን ሲወጣ ነው። ሰሜኑ ሲቀዘቅዝ ግን ይህ ቀበቶ ወደ ደቡብ ያፈገፍጋል። የዚህ ማስረጃ በሐይቆች ሥር በተቀመጠው ደለል ውስጥ ተጽፏል።

ተመራማሪዎች ከጣና ሐይቅ ወለል ረጅም የደለል ናሙና አውጥተው አነበቡ። ከ18 ሺህ 700 እስከ 16 ሺህ 700 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ጣና ደርቆ ነበር። ይህም በሰሜን አትላንቲክ እጅግ ብዙ የበረዶ ክምር ቀልጦ የውቅያኖሱ ፍሰት ከተዳከመበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ዓባይም ከጣና አይፈስስም ነበር። ከደሴ ወደ ሰሜን ሲጓዙ የሚገኘው የሐይቅ ከተማ ሐይቅም ተመሳሳይ ታሪክ ተናግሯል፤ በበረዶው ዘመን ማብቂያ ላይ ውሃው ጎድሎ ጥልቀት እንዳልነበረው ደለሉ ያሳያል። ዝናብ ሲመለስ ነው ሐይቆቹ ዳግመኛ የሞሉት።

አውሮፓ በበረዶ ስትሸፈን የኢትዮጵያ ደጋ የተቀበለው ጫፉ ላይ ብቻ ጥቂት በረዶ፣ በታች በኩል ግን ጥማት ነበር። ቅርብ ዘመን ድረስም ይህ ትስስር አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የሳህልን አገሮች ላደረቀው ድርቅ፣ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎች የወጣው ጢስ ሰሜኑን የዓለም ክፍል ማቀዝቀዙ አንዱ ምክንያት እንደነበር ብዙ ጥናቶች ያመለክታሉ። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ላየች ወሎ፣ የዝናብ መሸሽ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

በአሁኑ ጊዜ ያለው ለውጥ ግን በማቀዝቀዝ ሳይሆን በማሞቅ የሚታይ ነው። ሙቀት ሲጨምር ተክል ወደ ላይ ይወጣል። ሽምፐር በቧሂት ላይ የለቀመው ጅብራ በደቡብ ወሎ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ከፍታዎችም ይገኛል። ቆላው ወደ ወይና ደጋ፣ ወይና ደጋውም ወደ ደጋ ሲዘልቅ፣ በቆላና በወይና ደጋ ያለው ተክል የሚሸሽበት ከፍታ አለው። ጅብራ ግን ቀድሞውኑ በተራራው ጫፍ ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሰማይ ብቻ ነው። ሙቀቱ በዚሁ ከቀጠለ በዚህ መቶ ዓመት መጨረሻ ለጅብራ የሚመች ቦታ እጅግ እንደሚያንስ የተሠሩ ጥናቶች ያስጠነቅቃሉ። የደጋ ገብስም በዚያው ተራራ ላይ ነው ያለው።

ከቃጠሎ የተረፈው

እንዲህ ያለውን ለውጥ ለማወቅ ቀድሞ የት ምን ይበቅል እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። የሽምፐር ድካም ዋጋ ያገኘው እዚህ ላይ ነው። ከፍታውንና ቦታውን ጽፎ ያስቀመጠው እያንዳንዱ ቅጠል፣ ፋብሪካ አየሩን ከመለወጡ በፊት የኢትዮጵያ ተራራ ምን ይመስል እንደነበር የሚናገር ምስክር ሆኗል። በአድዋ ዙሪያ ስላለው መሬት፣ ተክልና አዝመራ የጻፈው ረጅም ሐተታም በለንደን በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቋል።

ምስክርነቱ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። እ.ኤ.አ በመጋቢት 1943 የበርሊን የዕፅዋት ቤተ መዛግብት በአየር ድብደባ ሲቃጠል፣ ከሽምፐር ስብስብ ብዙው አብሮ ነደደ። ነገር ግን የኤስሊንገኑ ማኅበር ከእያንዳንዱ ተክል ብዙ ናሙና እንዲወሰድ ያስገደደው ለአባላቱ ድርሻ ለመስጠት ስለነበር፣ ተመሳሳዮቹ በፓሪስ፣ በለንደንና በሌሎች ከተሞች ተቀምጠው ተረፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዛግብት መሪነት በስምንት ቅጽ የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ የሽምፐርን ናሙናዎች በየገጹ ይጠቅሳል።

ካርል ሽምፐር ስም አውጥቶ መጽሐፉን ሳይጽፍ ሞተ። ቪልሄልም ሽምፐርም ምንም ታላቅ ሐሳብ አላወጣም፤ አርባ አንድ ዓመት ያህል ግን ያየውን ጻፈ፣ የጻፈውን ቀን ሰጠው፣ ቦታውንም አስታወሰ። የዝናብ ቀበቶ ወዴት እየሄደ እንደሆነ የሚታወቀውም በዚሁ መንገድ ነው። የኮምቦልቻ የሜትዎሮሎጂ ጣቢያ በየዕለቱ የሚመዘግበው የዝናብ ሚሊ ሜትር፣ በልግ በየትኛው ሳምንት እንደገባና ክረምት በየትኛው እንደወጣ በእርሻ ማሳ ላይ የሚያዝ ማስታወሻ፣ ገብስ ቀድሞ ከሚዘራበት በላይ ወጥቶ የተዘራበት ዓመት፣ ሁሉም ለመጪው ትውልድ እንደ ሽምፐር ቁራጭ ወረቀት ያገለግላሉ።

የሽምፐር አጽም በአድዋ አፈር ያረፈ ሲሆን፣ ከሶሎዳ ተራራ የነቀላቸው የመጀመሪያዎቹ ተክሎች ደግሞ ከ180 ዓመታት በላይ አልፎባቸው ዛሬም ቁጥራቸውንና ቀናቸውን እንደያዙ በወረቀት ላይ ይገኛሉ።